ትን የማይለው ትንታ፦ መዋጥ እንዴት ይለካል?

መዋጥ ሰው በየቀኑ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ የሚፈጽመው፣ በእንቅልፍ ላይ ሳለም ምራቁን እያወረደ የሚቀጥለው፣ እስካልተሰናከለ ድረስ ግን ልብ የማይለው ሥራ ነው። ምግብና አየር ከአፍና ከአፍንጫ ተነሥተው ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ አንድ መተላለፊያ ይጋራሉ፤ ከዚያ በታች ግን አየሩ ከፊት ባለው ማንቁርት በኩል ወደ ሳንባ፣ ምግቡም ከማንቁርት በስተኋላ በሚጀምረው የምግብ ቧንቧ በኩል ወደ ጨጓራ መለያየት አለባቸው። በዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ ወይም አንድ ፍርፋሪ መንገድ ስቶ ወደ አየሩ በር ሲያመራ፣ አማርኛ «ትን አለው» ብሎ የሚገልጸው ሳል ይነሣና የገባውን መልሶ ያስወጣል። ትንታ በጤነኛ ሰው ላይ የሰውነት ዘብ ሥራውን መሥራቱን የሚያሳይ ምልክት ስለሆነ እምብዛም አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ትን ሊለው ሲገባ ምንም የማይለው ሰው ነው።

በስትሮክ፣ በፓርኪንሰን በሽታ፣ በራስና በአንገት ካንሰር ወይም ለካንሰሩ በተሰጠ የጨረር ሕክምና ምክንያት የጉሮሮና የማንቁርት ስሜት ሲደነዝዝ፣ ምግብ ወይም ምራቅ ከድምፅ አውታሮች በታች ወርዶ ወደ ሳንባ ሲገባ በሽተኛው ላያስል፣ ፊቱም ላይለዋወጥ ይችላል። ይህ ድምፅ አልባ ትንታ ሊባል የሚችል ነገር በአማርኛ የራሱ ስም የለውም፤ ምክንያቱም የአማርኛው ቃል የሰየመው የምግቡን መንገድ መሳት ሳይሆን ሰውነት ለዚያ የሚሰጠውን ምላሽ ነው። ቤተሰብ «ደኅና እየበላ ነው» የሚለው በሽተኛ፣ ቀናት ቆይቶ በሳንባ ምች ሲያዝ ምክንያቱ ከማዕዱ ላይ የተነሣ መሆኑን የሚያስታውስ ላይገኝ ይችላል። መዋጥን በዓይንና በጆሮ ከመገመት አልፎ በመሣሪያና በቁጥር የመለካት ፍላጎት የመነጨውም በዋነኛነት ከዚህ ነው።

የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት አንድ ጉርስ የሚያልፍበትን ሂደት መከተል ይጠቅማል። ጉርሱ አፍ ውስጥ እየታኘከና ከምራቅ ጋር እየተለወሰ ከተዘጋጀ በኋላ ምላስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እስከዚህ ያለው በሰውየው ፈቃድ የሚፈጸም ሲሆን፣ ቀጥሎ ያለው ግን አንዴ ከተጀመረ ለማቆም የሚያስቸግር ነው። ለስላሳው ላንቃ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ በምላስ ሥር የምትገኘው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላት ትንሽ አጥንት ማንቁርትን ይዛ ወደ ላይና ወደ ፊት ትሳባለች፤ የማንቁርቱ ክዳን ይደፋል፣ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ ትንፋሽ ለአፍታ ይቆማል፤ በምግብ ቧንቧው አናት ላይ ያለውና በሌላ ጊዜ ተጨምቆ የሚኖረው ጡንቻማ ቀለበትም ተከፍቶ ጉርሱን ያሳልፋል። ከአንጎል የሚነሡ 5 ጥንድ ነርቮችና ከ30 የሚበልጡ ጡንቻዎች የሚሳተፉበት ይህ የጉሮሮ ክፍለ ሂደት በሙሉ የሚጠናቀቀው በ1 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የምግብ ቧንቧ ጉዞ ዘገም ያለ ሲሆን፣ ቧንቧው ከላይ ወደ ታች በማዕበል መልክ እየተጨመቀ ጉርሱን በ10 ሰከንድ አካባቢ ጨጓራ ያደርሰዋል።

አልጋ አጠገብ የቆመ ባለሙያ ከዚህ ሁሉ በቀጥታ የሚያየው የከንፈርን መገጠም፣ የመንጋጋን እንቅስቃሴና የማንቁርትን ከፍ ዝቅ ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ የተቀረውን ከምልክቶች ለመገመት ይገደዳል፦ ጣቱን አንገት ላይ አሳርፎ ማንቁርቱ መነሣቱን ይዳስሳል፣ ከመዋጥ በኋላ ድምፁ እርጥብና የሚንቋረር መሆኑን ያዳምጣል፣ አንዳንዱም የልብ ማዳመጫውን አንገት ላይ ያሳርፋል። እነዚህ ዘዴዎች ልምድ ባለው ሰው እጅ ዋጋ ቢኖራቸውም፣ ሁለት ባለሙያዎች አንድን በሽተኛ መርምረው ሁለት መልስ ይዘው የሚመለሱበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ ምልክትማ ከነጭራሹ አሳሳች ሆኖ ተገኝቷል። የጉሮሮን ግድግዳ በመንካት የሚቀሰቀሰው የማቅለሽለሽ ምላሽ አለመኖሩ ለረጅም ጊዜ የመዋጥ አደጋ ምልክት ተደርጎ ይወሰድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ይህ ምላሽ ከመረመራቸው ጤነኛ ሰዎች መካከል 37 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንዳልተገኘ አሳይቷል።

እንግዲህ ተጨባጭ ምዘና ሲባል ምን ማለት ነው? «ተጨባጭ» የሚለው ቃል ራሱ በእጅ ሊጨበጥ የሚችልን ነገር ያመለክታል፤ በ1 ሰከንድ ውስጥ፣ ያውም ከቆዳና ከጡንቻ በስተጀርባ ተፈጽሞ የሚያልፍ ነገር ግን አይጨበጥም። ብዙ ጊዜ መልሱ «መሣሪያ» ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ይህ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ምስል ያነሣው ራጅ ቢሆንም ምስሉን የሚያነበው ሰው ነው፤ ሁለት አንባቢዎች ከአንድ ምስል ሁለት ፍርድ ካወጡ የመሣሪያው ውድነት ፍርዱን ተጨባጭ አያደርገውም። በተቃራኒው አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ የሰዓት ቆጣሪ፣ ምን ያህል ውኃ፣ በምን አኳኋን፣ ምን ተቆጥሮ የሚለው አስቀድሞ ከተወሰነ፣ ማንም ሲደግመው ተመሳሳይ ውጤት ሊሰጡ ይችላሉ።

የዚህ ፍለጋ ታሪክ የሚጀምረው በፊኛ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን ሁጎ ክሮኔከር የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅና ተማሪው ሳሙኤል ሜልትዘር ከቱቦ ጋር የተያያዙ ትንንሽ ፊኛዎችን ወደ ጉሮሮና ወደ ምግብ ቧንቧ በማውረድ፣ ሲዋጥ ፊኛው ላይ የሚያርፈው ጭመቃ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ መስመር እንዲጽፍ አደረጉ፤ የመዋጥ ግፊት በጽሑፍ የተመዘገበው በዚህ መልክ ነበር። ከዚያም ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1895 ኤክስሬይን ካገኘ ከዓመት ትንሽ በኋላ፣ በ1896 መገባደጃ ላይ፣ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርቱን ገና የጀመረው ዋልተር ካነን አዲሱን ጨረር የሚዋጥ ነገር ለማየት ተጠቀመበት። ጨረሩ ሥጋን አልፎ ስለሚሄድ ምግብ ብቻውን ጥላ አይጥልም፤ ስለዚህ ካነን ጨረር የማያሳልፈውን ቢዝመት የተባለ ማዕድን ውሕድ ከምግብ ጋር እያዋሐደ፣ አንገቷ ረጅም በመሆኑ ለእይታ የተመቸችውን ዝይ ጨምሮ በተለያዩ እንስሳት ላይ የጉርሱን ጉዞ ተከታተለ፤ ከጓደኛው ከአልበርት ሞዘር ጋር ያገኘውንም በ1898 በአሜሪካ የፊዚዮሎጂ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ አሳተመ። ቢዝመት በመጠን ሲበዛ የመመረዝ አደጋ ስለነበረው ከ1910 ወዲህ ቦታውን በውኃ ለማይሟሟውና ከአንጀት ወደ ደም ለማይገባው ባሪየም ሰልፌት ለቀቀ።

የዛሬው የቪዲዮ ራጅ ምርመራ የዚያ ዝይ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በሽተኛው ተቀምጦ፣ ባሪየም የተቀላቀለበትን ቀጭን ፈሳሽ፣ ወፍራም ፈሳሽ፣ ለስላሳ ምግብና ብስኩት በተለያየ መጠን እየዋጠ ከጎን በኩል ይቀረጻል። ይህን ምርመራ የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ከሚያደርጉት የባሪየም ራጅ ለይታ መልክ ያስያዘችው በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ጄሪ ሎገማን ስትሆን፣ በ1983 ያሳተመችው መጽሐፍ የመዋጥ ችግር ምርመራና ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ትልቅ ድርሻ አበርክቷል። የሎገማን ሐሳብ በሽተኛው የሚያንቀውን ማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ጭንቅላቱን ወደ ደረቱ ሲያቀረቅር፣ ወደ ጎን ሲያዞር ወይም መጠኑ ሲቀነስለት ምግቡ በትክክለኛው መንገድ ያልፍ እንደሆነ እዚያው፣ ካሜራው እየቀረጸ፣ መሞከርም ነበር።

ምስሉን ወደ ቁጥር መለወጥ ግን ሌላ ሥራ ጠየቀ። በ1996 ጆን ሮዘንቤክና ባልደረቦቹ ባለ 8 ደረጃ መለኪያ አወጡ፤ መለኪያው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ምግቡ ወደ አየሩ መንገድ ምን ያህል ጠልቆ ገባ፣ ተመልሶ ወጣ ወይስ ቀረ፣ ሰውየውስ ለማስወጣት ጣረ ወይ? 1 ቁጥር ምንም ወደ አየሩ መንገድ አልገባም ማለት ነው፤ ከ2 እስከ 5 ያሉት ገብቶ ከድምፅ አውታሮች በላይ ወይም አውታሮቹ ላይ የቀረውን፣ ከ6 እስከ 8 ያሉት ደግሞ ከአውታሮቹ በታች የወረደውን ይገልጻሉ። በ7 እና በ8 መካከል ያለው ልዩነት የምግቡ ቦታ አይደለም፤ በ7 ሰውየው አስሎ ለማስወጣት ይጥራል፣ ግን አይሳካለትም፤ በ8 አይሞክርምም። ቀደም ሲል ስም የለሽ የተባለው ትንታ እዚህ ላይ ስም ባይሆንም ቁጥር አገኘ።

ይህ መለኪያ ስለ አደጋው ይናገራል እንጂ ስለ ምክንያቱ አይናገርም፤ አንዱ 8 ያገኘው ማንቁርቱ ዘግይቶ በመዘጋቱ፣ ሌላው በጉሮሮው የቀረው ትራፊ ኋላ ላይ በመንሸራተቱ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱም ሕክምና የተለያየ ነው። በ2008 ቦኒ ማርቲን ሃሪስና ባልደረቦቿ ይፋ ያደረጉት ዘዴ በዚህ ምክንያት መዋጥን ከከንፈር መገጠም እስከ ምግብ ቧንቧው መጥራት ድረስ በ17 ክፍሎች በትኖ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ ባለሙያው በዚህ ዘዴ እንዲመረምር የሚፈቀድለትም በመለማመጃ ቪዲዮዎች ላይ ፍርዱ ከተቀመጠው መልስ ጋር ቢያንስ 80 በመቶ ሲገጥም ነው። እዚህ ላይ የተፈተነው መሣሪያው ሳይሆን የአንባቢው ዓይን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ለተጨባጭነት ከተደረጉት እርምጃዎች ሁሉ ምናልባት ይህ ዋነኛው ነው።

ሌሎቹ ስምምነቶች ትንንሽ ቢመስሉም ውጤቱን ይለውጣሉ። ብዙ የራጅ ክፍሎች ጨረር ለመቀነስ በሰከንድ 15 ወይም ከዚያ ያነሱ ምስሎችን ያነሣሉ፤ ነገር ግን ከሰከንድ ክፋይ በማይበልጥ ጊዜ ገብቶ የሚወጣ ጠብታ በሁለት ምስሎች መካከል ሊያመልጥ ስለሚችል፣ የዘርፉ ባለሙያዎች በሰከንድ 30 ምስል እንዲነሣና የጨረሩ ጊዜ በሌላ መንገድ እንዲያጥር ይመክራሉ። ርቀትን መለካትም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ረጅም ሰው ማንቁርቱ ከአጭር ሰው የበለጠ ርቀት ቢነሣ ጡንቻው የበረታ ነው ማለት አይቻልም፣ በሽተኛው ለጨረሩ ምንጭ ሲቀርብም ሁሉም ነገር ተልቆ ይታያል። መፍትሔው ከሰውየው አካል የተገኘ ነው፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው የአንገት አጥንት ያለው ርቀት በራሱ ምስል ላይ ተለክቶ እንደ ክንድ ያገለግላል፣ የማንቁርቱ ጉዞም በዚያ ክንድ ይሰፈራል።

ራጅ ጨረር ስላለው፣ በሽተኛውም ወደ ራጅ ክፍል መወሰድ ስላለበት፣ ሱዛን ላንግሞርና ባልደረቦቿ በ1988 ሌላ መንገድ አስተዋወቁ፦ ቀጭንና ተጣጣፊ የካሜራ ቱቦ በአፍንጫ አሳልፈው ከላንቃው በስተኋላ በማንጠልጠል ጉሮሮን ከላይ ወደ ታች መመልከት። በሽተኛው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተጨመረበት ወተት ወይም ምግብ ሲውጥ ቀለሙ የት እንደቀረ በግልጽ ይታያል፤ ምራቅ ተጠራቅሞ እንደሆነ፣ የድምፅ አውታሮች በትክክል ይገጥሙ እንደሆነም ይታወቃል፤ ምርመራው በፅኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ላይ፣ ሰውየው በሚበላው በራሱ ምግብ ሊደረግ ይችላል። የዚህ ዘዴ ድክመት አስገራሚ ነው፤ ልክ ሲዋጥ ጉሮሮው ካሜራውን ከቦ ስለሚጨመቅ ምስሉ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ነጭ ይሆናል፣ ማለትም ካሜራው መዋጥን ለማየት ገብቶ የማያየው ራሱን መዋጡን ነው። ባለሙያው ያን ቅጽበት ከበፊቱና ከበኋላው ይደመድማል።

ሁለቱም ምስሎች ጉርሱ የት እንደሄደ ያሳያሉ እንጂ ምን ያህል ኃይል እንደገፋው አይናገሩም፤ ለዚህ ጥያቄ ከክሮኔከርና ከሜልትዘር ፊኛ የሚወርድ ሌላ መሣሪያ አለ። በ1990ዎቹ በሴንት ሉዊስ ሬይ ክላውስ ባዳበረው ዘዴ፣ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ የተደረደሩ 36 ያህል የግፊት ዳሳሾችን የያዘ ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ አፍ ይዘረጋል፤ ግፊቱም ዝቅተኛው በሰማያዊ፣ ከፍተኛው በቀይ እየተሣለ መዋጡ እንደ ተራራ ካርታ ይታያል። በምግብ ቧንቧው ግርጌ ያለው ጡንቻማ ቀለበት ዘና ማለት ሲሳነውና ምግብ ከጨጓራ በላይ ሲታቆር የሚከሰተው አካሌዢያ የተባለው በሽታ የሚለየው በዚህ ነው፤ ከመዋጥ በኋላ ባሉት 10 ሰከንዶች ውስጥ ቀለበቱ ይበልጥ ዘና ያለባቸው 4 ሰከንዶች ተመርጠው የግፊታቸው አማካይ ይሰላል፣ አማካዩ ለመሣሪያው ከተወሰነው ጣሪያ ሲያልፍ ቀለበቱ አልተከፈተም ይባላል። የቺካጎ ምደባ የሚባለውና በ2021 አራተኛ እትሙ የወጣው ስምምነት እነዚህን ጣሪያዎች ይዘረዝራል። የምላስን ኃይል ብቻ ለማወቅ ሲፈለግ ደግሞ በአየር የተሞላ ትንሽ ከረጢት በምላስና በላንቃ መካከል ተጨምቆ ግፊቱ ይነበባል።

እነዚህ ሁሉ መሣሪያ፣ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ፤ በኢትዮጵያ እንደ ብዙ አገሮች ሁሉ ከትልልቅ ከተሞች ሲወጣ የሚገኙ አይደሉም። ስለዚህ ቀላሎቹን ፈተናዎች ዝቅ አድርጎ ማየት አይገባም። በጃፓን የተለመደው አንዱ ፈተና ጣትን ማንቁርት ላይ አሳርፎ ሰውየው በ30 ሰከንድ ውስጥ ምራቁን ስንት ጊዜ ሊውጥ እንደሚችል መቁጠር ነው፤ ከ3 ያነሰ ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ይታዘዛል። ሌላው 90 ሚሊ ሊትር ውኃ ያለማቋረጥ ማስጠጣት ነው፤ ሰውየው ካቋረጠ ወይም ካሳለ ፈተናውን አላለፈም። ስቲቨን ሌደርና ዴብራ ሱተር 3000 ሰዎችን በዚህ ፈተናና በካሜራው መርምረው በ2008 እንዳሳወቁት፣ ፈተናው ውኃ ወደ አየር መንገዳቸው ከሚገባባቸው ሰዎች 96.5 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል፤ ነገር ግን ምንም ከማይገባባቸው ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡትንም አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ያለፈውን ሰው በልበ ሙሉነት ማስጠጣት ይቻላል፣ የወደቀውን ግን ታማሚ ነው ብሎ ውኃ መከልከል አይገባም። ወንፊት መሆኑን ሳያውቁ እንደ ፍርድ ቤት የሚጠቀሙበት ሰዎች ጥቂት አለመሆናቸው ያሳዝናል።

የመለኪያው ምርጫ ከበሽተኛው አልፎ የበሽታውን ብዛት ጭምር እንደሚወስን ሮዝመሪ ማርቲኖና ባልደረቦቿ በ2005 ያሳተሙት የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር የሚገጥማቸው ሰዎች መጠን በፈጣን ማጣሪያ ሲፈተሽ ከ37 እስከ 45 በመቶ፣ ባለሙያ አልጋ አጠገብ ሲመረምር ከ51 እስከ 55 በመቶ፣ በመሣሪያ ሲታይ ግን ከ64 እስከ 78 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በሽታው ያው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአብዛኛው ሳይታይ የሚያልፈው ነው። በሌላ በኩል በመሣሪያ የታየ እያንዳንዱ ትንሽ ጉድለት በሽታ ነው ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ሰውም አልፎ አልፎ ጥቂት ፈሳሽ ወደ ማንቁርቱ በር ያስገባና ወዲያው ያስወጣል፣ ዕድሜ ሲገፋም መዋጥ ዘገም ይላል።

እስከዚህ የተለካው ዋጩ ነው፤ የሚዋጠው ነገር ራሱ ግን እኩል መለካት አለበት፤ «ወፍራም ፈሳሽ ይጠጣ» የሚል ትእዛዝ አንዱ ቤት እርጎ፣ ሌላው ቤት ገንፎ ሊሆን ይችላልና። ኢድሲ በሚል ምኅፃረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት መጠጥና ምግብን ከ0 እስከ 7 ባሉ ደረጃዎች የመደበው ለዚህ ሲሆን፣ መለኪያዎቹ ሲሪንጅ፣ ሹካና ማንኪያ ናቸው። በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የተሞላ መጠጥ ለ10 ሰከንድ እንዲፈስ ተደርጎ የቀረው ይነበባል፦ ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ ቀጭን፣ ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2፣ ከዚያ በላይ ከቀረ ደረጃ 3 ይባላል። የሲሪንጆች ቁመት ስለሚለያይ እንኳ ከ0 እስከ 10 ያለው ምልክት 61.5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ለአዋቂ በደቀቀ መልክ የሚቀርብ ምግብ ከ4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የሚጠየቀውም ይህ በተለመደው ሹካ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ስለሆነ ነው፤ የእንጀራ ፍትፍት በዚሁ መንገድ ከመፈተን የሚያግደው ነገር የለም፣ የእንጀራው ቁራጭ በሹካ ሲጫኑት መፍረሱና መረቁ ተለይቶ አለመፍሰሱ ጭምር ከታየ።

ለበሽተኛ ከሚቀርቡት የኢትዮጵያ መጠጦች መካከል በዚህ ፈተና መታየት የሚገባው አጥሚት ነው። ከእሳት ሲወርድ ቀጠን ብሎ የሚፈሰው አጥሚት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ስለዚህ የሚለካው በምድጃው አጠገብ ሳይሆን በሚጠጣበት ሙቀት ነው። በማንኪያ እየተጎረሰ በሚበላበት ጊዜ ደግሞ ከአፍ በሚመለሰው ማንኪያ ላይ ያለው ምራቅ የእህሉን ስታርች መሰባበር ስለሚጀምር፣ ማዕዱ በረዘመ ቁጥር ኩባያው ውስጥ ያለው እንደገና እየቀጠነ ይሄዳል።